ጮቄን የሚያሳይ የበረራ ማቀጃ፦ ለቤት ሲሙሌተር የትኛውን ፕሮግራም ልምረጥ?

አብማ (ደብረ ማርቆስ)፦

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። በቤቴ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ኤክስ-ፕሌን 12 የተባለውን የበረራ ማስመሰያ (ሲሙሌተር) ጭኜ፣ በአንድ ጆይስቲክና በአንድ ስክሪን እየበረርኩ ቆይቻለሁ። እስካሁን ዕቅድ የማወጣው በሲሙሌተሩ ውስጥ ባለው ካርታ ላይ መነሻዬንና መድረሻዬን በቀጥታ መስመር በማገናኘት ብቻ ነበር። ይህ አሠራር ሜዳ ለሆነ አገር ይበቃ ይሆናል፤ በእኛ አገር ግን አይበቃም። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሳበው ቀጥታ መስመር በጮቄ ተራራ አናት ላይ እንደሚያልፍ ካርታውን ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የዓባይ ሸለቆ አለ። ስለዚህ መሬቱን ከጎን ቆርጦ የሚያሳየኝ፣ ነዳጁን በአግባቡ የሚያሰላልኝና ያወጣሁትን መንገድ ወደ ሲሙሌተሩ የሚያስተላልፍልኝ ፕሮግራም እፈልጋለሁ።

የምበረው ሁለት ዓይነት በረራ ነው። አንደኛው ሴስና 172 በተባለች ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ፣ መሬቱን በዓይን እየተከተሉ፣ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ጎንደር የሚደረግ ነው። ሁለተኛው ኪው 400 በተባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር የመንገደኞች አውሮፕላን ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር፣ ልክ እንደ መደበኛ የአገር ውስጥ በረራ በሥርዓቱ የሚከናወን ነው። ለሁለቱም አንድ ፕሮግራም ቢበቃ ደስ ይለኛል፤ ካልበቃም ሁለት ለመማር ዝግጁ ነኝ።

ከመምረጤ በፊት ልታውቁልኝ የሚገቡ ነገሮች አሉ። ኢንተርኔት የማገኘው በስልክ ዳታ ሲሆን፣ በምበርበት ሰዓት መኖሩን እርግጠኛ መሆን አልችልም። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ካርድ የለኝም። ስክሪኔም አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ካርታውን ለማየት ከኮክፒቱ እየወጣሁ መመለስ አልፈልግም። ስማቸውን የሰማኋቸው ሲምብሪፍ፣ ሊትል ናቭማፕና ናቪግራፍ ናቸው። በተግባር የተጠቀማችሁባቸው ወገኖች ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጥያቄው በዝርዝር በመቅረቡ መልስ ለመስጠት ቀላል ነው። በመጀመሪያ ግልጽ መሆን ያለበት፣ የጠቀሷቸው ሦስቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ሥራ የተለያየ መሆኑ ነው። ሊትል ናቭማፕ ካርታ ላይ መንገድ የሚሠሩበትና በበረራ ጊዜ አውሮፕላንዎን የሚከታተሉበት ነው። ሲምብሪፍ የአየር መንገድ የበረራ ሰነድ፣ ማለትም የነዳጅ፣ የክብደትና የነፋስ ስሌት የያዘ ወረቀት የሚያዘጋጅ ድረ ገጽ ነው። ናቪግራፍ ደግሞ በዋነኛነት የአሰሳ መረጃና የማረፊያ ቻርቶች (ካርታዎች) አቅራቢ ነው፤ ሲምብሪፍም ዛሬ በእርሱ ሥር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ይበልጣል?» ሳይሆን «ለየትኛው በረራ የትኛው ይቀድማል?» መሆን አለበት።

ለእርስዎ ሁኔታ በቅድሚያ የምመክረው ሊትል ናቭማፕን ነው። ምንም ክፍያ አይጠየቅበትም፤ የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም ይሠራል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ዋና ዋና ሥራዎቹን ያለ ኢንተርኔት ያከናውናል። ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ከመረቡ የሚመጣው የካርታ ዳራ አዲስ አይጫንም እንጂ፣ አውሮፕላን ማረፊያዎቹ፣ የሬዲዮ ጣቢያዎቹና የመንገድ ነጥቦቹ ሁሉ በኮምፒውተርዎ ውስጥ ስለሚቀመጡ አይጠፉም።

ሁለተኛው ምክንያቴ የመረጃ መጣጣም ነው። ፕሮግራሙ ሲጫን «የሲሙሌተሩን ቤተ መረጃ ጫን» የሚል ትእዛዝ አለው። ይህን ሲያዝዙት ኤክስ-ፕሌን የሚጠቀምበትን ራሱን መረጃ አንብቦ የራሱን ቋት ይሠራል። ስለዚህ በዕቅድዎ ላይ ያስቀመጡት ነጥብ በአውሮፕላኑ የአሰሳ መሣሪያ ውስጥ «አይታወቅም» ተብሎ አይመለስብዎትም። ከሌላ ቦታ በሚመጣ ዕቅድ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገረው በዚህ ነው፤ ነጥቡ በአንዱ ቋት ውስጥ ይገኛል፣ በሌላው ግን ስሙ ተቀይሯል ወይም ተሰርዟል።

አሁን ወደ ጮቄ ልምጣ፤ ምክንያቱም የፕሮግራሙን ጥቅም የሚያሳየው እርሱ ነው። ከቦሌ ባሕር ዳር ቀጥታው 180 ኖቲካል ማይል ያህል ነው። ይህን መስመር በሊትል ናቭማፕ ላይ ስበው ከካርታው በታች ያለውን የከፍታ መስኮት ሲከፍቱ፣ መሬቱ ከቦሌ ከ7,600 ጫማ ገደማ ጀምሮ ሲሄድ፣ በዓባይ ሸለቆ ላይ በድንገት ሲወርድ፣ ከዚያም ከደጀን በኋላ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ሲወጣ ይታያል። የጮቄ ጫፍ ወደ 4,100 ሜትር ስለሚጠጋ በጫማ 13,400 አካባቢ ነው። ለተራራማ አገር የሚያዘውን የ2,000 ጫማ ርቀት ቢጨምሩበት ከ15,400 ጫማ በታች መብረር አይገባም ማለት ነው። የሴስና 172 ኤስ የከፍታ ጣሪያ ደግሞ 14,000 ጫማ ነው። ስለዚህ ይህ መስመር ለሴስና አይሆንም፤ ለኪው 400 ግን ምንም ችግር የለበትም። ይህን ውሳኔ ሞተር ከማስነሣትዎ በፊት በአንድ እይታ የሚያስወስንዎ ያ መስኮት ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሴስና ሲሄዱ የምመርጠው የአስፋልቱን መንገድ ተከትሎ በምዕራብ በኩል መዞርን ነው፦ መራዊ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደምበጫ፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ። ቀጥታው ወደ 80 ኖቲካል ማይል ሲሆን ይህኛው ወደ 120 ይጠጋል፤ ሆኖም ከተሞቹ አንዱ ከሌላው ብዙም ስለማይርቁ በዓይን ለመከተል ምቹ ነው። ከተሞቹን በሊትል ናቭማፕ ላይ የራስዎ ነጥቦች አድርገው ስም ሰጥተው ሊያስቀምጧቸው ይችላሉ። ከዳንግላ በፊት አቅጣጫዎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሆነ ከፍታዎ ተጋማሽ በሆነ ሺህ ላይ 500 ተጨምሮበት፣ ለምሳሌ 10,500 ይሆናል፤ ከዳንግላ በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሚዞሩ ሺሁ ጎዶሎ ሆኖ 11,500 ይሆናል። ይህን የመሰለ ሥርዓት በቤት ሲሙሌተር ላይ የሚያስገድድ የለም፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቢለምዱት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የስክሪኑ ጉዳይም መፍትሔ አለው። ሊትል ናቭማፕ በውስጡ አነስተኛ የድር አገልጋይ አለው፤ ሲያበሩት ስልክዎን በቤትዎ ዋይፋይ ወይም ከኮምፒውተሩ በሚከፈት ሆትስፖት ያገናኙና የሚሰጥዎትን አድራሻ በስልኩ ማሰሻ ላይ ይጽፋሉ። ካርታው፣ አውሮፕላንዎና የዕቅድዎ መስመር በስልኩ ላይ ይታያል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የሁለቱ መሣሪያዎች መገናኘት ብቻ እንጂ ኢንተርኔት አይደለም። ከኤክስ-ፕሌን ጋር የሚያገናኘው አባሪ ፕሮግራም ሊትል ኤክስፒኮኔክት ይባላል፤ አብሮት ስለሚመጣ በኤክስ-ፕሌን የፕለጊን ማኅደር ውስጥ መገልበጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ።

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)፦

ጣና ዳር የጻፉት ለሴስና ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ በእኛ ከተማ አናት ላይ የሚያልፈውን መንገድ በመምረጣቸውም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ጠያቂው ስለ ኪው 400ም ጠይቀዋል፤ በዚያ ላይ ሲምብሪፍን ወደ ኋላ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም። መደበኛ በረራን እንደ መደበኛ በረራ መብረር የሚፈልግ ሰው የሚማረው ከመንገዱ መስመር ይልቅ ከነዳጁ ስሌት ነው።

ሲምብሪፍ ላይ ነጻ መለያ ከፍተው መነሻውን ቦሌ፣ መድረሻውን ባሕር ዳር፣ ተለዋጭ ማረፊያውን ጎንደር ብለው፣ ከአውሮፕላኖቹ ዝርዝር ኪው 400ን መርጠው፣ የተሳፋሪውን ቁጥር ቢያስገቡ፣ የሚወጣልዎት ሰነድ እያንዳንዱን የነዳጅ ክፍል ለይቶ ያስቀምጣል። በመሬት ላይ ለመንዳት የሚሆነው አለ፤ ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚያደርሰው አለ፤ ላልታሰበ ነገር በመቶኛ የሚያዘው አለ፣ ብዙ ጊዜ የመንገዱ ነዳጅ 5 በመቶ ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያደርሰው አለ፣ ርቀቱ 55 ኖቲካል ማይል ያህል ነው፤ በመጨረሻም ማንም የማይነካው የመጠባበቂያ ነዳጅ አለ፣ ይህም ለተርባይን ሞተር የ30 ደቂቃ፣ ለፒስተን ሞተር የ45 ደቂቃ ነው። ይህን ሰነድ በእጁ ይዞ ታንኩን የሚሞላ ሰው «ሙሉ አድርገው» ብሎ ከሚነሣ ሰው የተለየ በረራ ይበርራል። በተለይ ቦሌን በመሰለ ከፍተኛ ቦታ ላይ፣ ያለ ፍላጎት የተጫነ ነዳጅ ክብደት ነው፤ ክብደቱም መንደርደሪያው ላይ ይታያል።

ስለ ከፍታም ቢሆን ሲምብሪፍ ያስተምራል። ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫው 330 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም በምዕራቡ ግማሽ ስለሆነ፣ ፍላይት ሌቭሉ፣ ማለትም በመቶ ጫማ የሚጻፈው የበረራ ከፍታ፣ በሺህ ሲቆጠር ተጋማሽ መሆን አለበት፤ 180፣ 200 ወይም 220 ይሆናል። ሲመለሱ ጎዶሎ ነው፤ 190 ወይም 210። ለእንዲህ ያለ አጭር ጉዞ እጅግ ከፍ ማለት ትርፍ የለውም፤ ወጥተው ሳይረጋጉ መውረድ ይጀምራሉና። ጮቄን ግን ሁሉም በበቂ ርቀት ያልፉታል።

የኢንተርኔቱ ችግር እውነት ነው፤ ሲምብሪፍ ያለ ኔትወርክ አይሠራም። ሆኖም ሥራው የሚያስፈልገው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት በስልክዎም ቢሆን ዕቅዱን አውጥተው ሰነዱን በፒዲኤፍ፣ የመንገዱን ፋይል ደግሞ ለኤክስ-ፕሌን በሚሆነው ዓይነት ያውርዱና በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተሩ ያሻግሩ። ከዚያ በኋላ ማታ መብራት ሲኖር ያለ ኢንተርኔት መብረር ይችላሉ። በሰነዱ ላይ ያለው ነፋስ በወጣበት ሰዓት የተተነበየ መሆኑን ብቻ አይርሱ፤ ከትናንት በስቲያ የወጣ ዕቅድ ለነዳጅ ልምምድ ይሆናል እንጂ የዛሬውን ነፋስ አይነግርዎትም።

አብማ (ደብረ ማርቆስ)፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሊትል ናቭማፕን አውርጄ፣ የኤክስ-ፕሌንን መረጃ አስነብቤ፣ ጣና ዳር ያሉትን የምዕራቡን መንገድ ከተማ በከተማ ሠርቼዋለሁ። በስልኬ ላይም ካርታው እየታየኝ ነው። ሦስት ነገሮች ግን ቀርተውኛል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ በከፍታው መስኮት ላይ መሬቱ አይታይም፤ የኔ የበረራ መስመር ብቻውን ይቀራል። ይህ የተለመደ ነው ወይስ ማስተካከያ አለው? ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ከባሕር ዳር ተነሥቼ 10,500 ጫማ የምደርስበትን ቦታ በካርታው ላይ ምልክት ያደርግልኛል፤ ሴስናው ግን ከምልክቱ በጣም አልፎ ነው የሚደርሰው። ምን ቁጥር ማስገባት አለብኝ? ሦስተኛ፣ ናቪግራፍን መክፈል ለእኔ ዓይነት ሰው ያስፈልጋል ትላላችሁ?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦

የመጀመሪያውን ልመልስ። ፕሮግራሙ የመሬቱን ከፍታ የሚያመጣው በነባሪነት ከኢንተርኔት ነው። ለብቻው የሚወርድ ግሎብ የሚባል የከፍታ መረጃ አለ፤ የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ያወጣው ነው። ኔትወርክ ደህና በሆነበት ቦታ አንድ ጊዜ አውርደው፣ ፋይሉን ፈትተው በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ፤ ከዚያም በፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ስለ ጊዜያዊ ማከማቻና ፋይሎች በሚናገረው ክፍል ማኅደሩ የት እንዳለ ያሳዩት። ከዚህ በኋላ ጮቄ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይታይዎታል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ላስጨምር። የግሎብ መረጃ መሬቱን በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ክፍልፋይ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ከፍታ ነው የሚሰጠው። ሰፊና ገደላገደል ያልበዛበት ተራራ በዚህ መረጃ ብዙም አይጎዳም። ሹል ጫፍና ቀጥ ያለ ገደል ግን ይለሰልሳል። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ያለውን የዓባይን ሸለቆ ሲያቋርጡ ግድግዳው በመስኮቱ ላይ ከእውነተኛው ይልቅ ዘንበል ብሎ ይታያል። ሸለቆው ውስጥ ገብቶ መብረር የሚወድ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው ይህን የምለው፤ በዚያ ጊዜ በመስኮቱ ላይ ከመተማመን በዓይን ማየት ይሻላል። በመስኮቱ ላይ ያለው ቀይ መስመር ለጠቅላላው መንገድ ዝቅተኛውን አስተማማኝ ከፍታ ያሳያል፤ ከመሬት በላይ የሚጨመረውን ርቀት በማስተካከያው ውስጥ መለወጥ ይቻላል። ለጎጃም 2,000 ጫማ ያድርጉት።

ቀራንዮ (ሞጣ)፦

ሰላም ለቤቱ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እኔ ልሞክር።

ሴስናው ከምልክቱ አልፎ የሚደርሰው ፕሮግራሙ ስለተሳሳተ አይደለም። ማንኛውም የማቀጃ ፕሮግራም የሚያሰላው እርስዎ በሰጡት የአውሮፕላን አቅም መግለጫ ነው፤ የብዙዎቹ መግለጫዎች የመውጣት ፍጥነት ደግሞ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። የባሕር ዳር ማረፊያ ከባሕር ጠለል 6,000 ጫማ ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ መደበኛው የአየር ሙቀት 3 ዲግሪ ያህል መሆን ነበረበት፤ የባሕር ዳር ቀን ግን 25 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 22 ነው። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ቢጨምሩ፣ አየሩ የሚሳሳው ልክ 8,600 ጫማ ላይ እንዳሉ ሆኖ ነው። ሞተሩም፣ ፕሮፔለሩም፣ ክንፉም የሚያውቁት 8,600ን እንጂ 6,000ን አይደለም። በቦሌ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን ይህ ቁጥር 10,000 ይደርሳል። ስለዚህ ሴስና 172 በመጽሐፉ ላይ በባሕር ጠለል በደቂቃ 730 ጫማ ይወጣል ተብሎ የተጻፈለት፣ በእኛ አገር ግማሹን ቢያገኝ መልካም ነው።

ከመነሣትዎ በፊት የነዳጅና የአየር ድብልቁን ማሳሳት፣ ማለትም በውስጡ ያለውን ነዳጅ መቀነስም አለብዎት። የሴስናው መመሪያ ከ3,000 ጫማ በላይ ከሆነ ማረፊያ ሲነሡ ሞተሩ ከፍተኛ ዙር እስኪሰጥ ድረስ ድብልቁ እንዲሳሳ ያዝዛል። ቀዩን የድብልቅ እጀታ ሙሉ በሙሉ ገፍቶ ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው አቅሙን መንደርደሪያው ላይ ጥሎ ነው የሚሄደው። ኤክስ-ፕሌን ይህን በሚገባ ስለሚያስመስል ልዩነቱ በዙር መቁጠሪያው ላይ ወዲያው ይታያል፤ እጀታውን ቀስ እያደረጉ ሲስቡ መርፌው መጀመሪያ ከፍ ይላል፣ ካለፉት ደግሞ ይወርዳል፤ ከመውረዱ በፊት ያለውን ቦታ ይያዙ።

ቁጥሩን ከግምት ይልቅ ከራስዎ በረራ ማግኘት ይቻላል። ሊትል ናቭማፕ ከሲሙሌተሩ ጋር ተገናኝቶ ሲበሩ የመውጣት ፍጥነትዎን፣ የጉዞ ፍጥነትዎን፣ የመውረድ ፍጥነትዎንና የነዳጅ ፍጆታዎን የሚሰበስብበት ክፍል አለው። ከባሕር ዳር ተነሥተው ደብረ ማርቆስ እስኪያርፉ ድረስ ይተዉት፤ ሲጨርሱ የተሰበሰበውን ወደ አውሮፕላኑ የአቅም ፋይል ያስገቡትና ስም ሰጥተው ያስቀምጡት። ከዚያ በኋላ በካርታው ላይ የሚያደርገው ምልክት የጎጃምን አየር ያውቃል። ዝቅ ላለ ቦታ የተለየ ፋይል ቢኖርዎ ይመረጣል፤ ከድሬዳዋ ለመነሣት ቢፈልጉ ለምሳሌ፣ ቦታው 3,800 ጫማ ገደማ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ከባሕር ዳሩ የተለየ ይሆናል።

ስለ ናቪግራፍ የምለው አጭር ነው። የአሰሳ መረጃ በዓለም ዙሪያ በየ28 ቀኑ ይታደሳል፤ ይህ ዑደት ኤይራክ ይባላል። የናቪግራፍ ክፍያ ሁለት ነገር ይሰጥዎታል፦ የዚያን ዑደት አዲስ መረጃ ለሲሙሌተርዎና ለሲምብሪፍ፣ እንዲሁም ጀፕሰን የተባለው ኩባንያ የሚያዘጋጃቸውን ቻርቶች። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ሆነው፣ ተቆጣጣሪ ባለበት ሰማይ፣ ከአውሮፓ እስከ ቦሌ የሚበር ሰው ያስፈልገዋል፤ ተቆጣጣሪው የሚጠራው ነጥብ በአውሮፕላኑ ውስጥ መኖር ስላለበት። ለእርስዎ ሁለት በረራዎች ግን አያስፈልግም። ከፍለው የማይገዙ ሰዎች ሲምብሪፍን የሚያገኙት ከቆየ ዑደት ጋር ነው፤ ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር ለሚደረግ የነዳጅ ስሌት ያ መረጃ መቆየቱ የሚያመጣው ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ካርድ የለኝም ብለዋል፤ የሌላ ሰው ካርድ ተውሰው ወርኀዊ ክፍያ ውስጥ ከመግባት ይቆጠቡ፣ ክፍያው በራሱ እየታደሰ ስለሚሄድ ለባለ ካርዱም አይመችም።

አብማ (ደብረ ማርቆስ)፦

ጋሼ ቀራንዮ፣ የሚገባኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የግሎቡንም ፋይል ለማውረድ ኔትወርክ ወደሚሻልበት ቦታ ይዤ እሄዳለሁ። ለሴስና ሊትል ናቭማፕን፣ ለኪው 400 ደግሞ ሰነዱን ከሲምብሪፍ አውጥቼ መንገዱን ግን በሊትል ናቭማፕ ውስጥ መልሼ ለመሥራት ወስኛለሁ፤ ነጥቦቹ ከሲሙሌተሬ ጋር እንዲስማሙ። ይህ አካሄድ የሚያስነሣው ችግር ይኖር ይሆን?

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)፦

ጥሩ አካሄድ ነው፤ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። እንደገና መሥራት እንኳ አያስፈልግዎትም፤ በሲምብሪፍ ሰነድ ላይ መንገዱ በአንድ መስመር ተጽፎ ይገኛል፣ ያንን መስመር ገልብጠው በሊትል ናቭማፕ የመንገድ መጻፊያ ውስጥ ቢለጥፉት ካርታው ላይ ይሠራልዎታል። በሲሙሌተርዎ ቋት ውስጥ የማይገኝ ነጥብ ካለ በዚያው ቦታ ስሙን ጠርቶ ያስጠነቅቅዎታል። እርሱን አጥፍተው ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ነጥቦች ቀጥታ ያገናኙ፤ ከዚያም የከፍታውን መስኮት አይተው ያረጋግጡ። ሲጨርሱ ለኤክስ-ፕሌን በሚሆነው ዓይነት ያውጡት፤ ፋይሉ የሚቀመጠው በኤክስ-ፕሌን ማኅደር ውስጥ የወጡ ፋይሎች በሚገኙበት፣ የኤፍ ኤም ኤስ (የአውሮፕላኑ የአሰሳ ኮምፒውተር) ዕቅዶች በተባለው ንዑስ ማኅደር ነው። ከዚያ በአውሮፕላኑ መሣሪያ ላይ በስሙ ይጠሩታል፤ ስሙን አጭር ያድርጉት።

የሚለያየው ነፋሱ ብቻ ነው። ሲምብሪፍ ነዳጁን ያሰላው በተነበየው ነፋስ ሲሆን፣ ሊትል ናቭማፕ ኢንተርኔት ካላገኘ ነፋስ የለም ብሎ ያሰላል፤ ስለዚህ የሁለቱ ሰዓትና ነዳጅ አይገጥምም። በሊትል ናቭማፕ ላይ ነፋስን በእጅ ማስገባት ይቻላል፤ ከሲምብሪፉ ሰነድ ላይ በሚበሩበት ፍላይት ሌቭል የተጻፈውን አቅጣጫና ፍጥነት አንብበው ያስገቡለት። ኤክስ-ፕሌን ራሱ ያለ ኢንተርኔት የዕለቱን አየር ስለማያመጣ፣ እዚያም በአየር ሁኔታ ማስተካከያው ውስጥ ያንኑ ነፋስ በዚያው ከፍታ ያስቀምጡ። ሦስቱም አንድ ነፋስ ሲይዙ ባሕር ዳር ሲያርፉ በታንክዎ ውስጥ የሚቀረው ነዳጅ በሰነዱ ላይ ከተጻፈው ጋር ይቀራረባል፤ ካልተቀራረበ የመውጣቱን ክፍል መጀመሪያ ይመርምሩ፣ በአጭር በረራ ላይ ብዙው ነዳጅ የሚያልቀው እዚያ ነው።